«አላጠፋሁም» እና «ውል የለኝም»፦ ቦታ የተለዋወጡ ሁለት መልሶች

ጥያቄ፦ «በአዲስ አበባ የሦስተኛ ዓመት የማኔጅመንት ተማሪ ነኝ። በዚህ ሴሚስተር የምንወስደው የንግድ ሕግ ኮርስ ሃንድአውት በእንግሊዝኛ የተጻፈና በእንግሊዝ ፍርዶች የተሞላ በመሆኑ ስለ ውልና ስለ ቸልተኝነት ያነበብኩት ሁሉ ተምታቶብኛል። ይባስ ብሎ ታላቅ ወንድሜ ጣጣ ውስጥ ገባ። አነስተኛ ማተሚያ ቤት አለው። ከአንድ የተመራቂዎች ኮሚቴ ጋር 300 የምረቃ መጽሔት በ120,000 ብር አትሞ ከምረቃው ሦስት ቀን በፊት ሊያስረክብ በጽሑፍ ተዋውሎ 50,000 ብር ተቀበለ። በመካከሉ ወረቀት ተወደደ፤ የተሻለ የሚከፍል የፖስተር ሥራም ስለመጣለት ማሽኑን ለዚያ ሰጠው። መጽሔቱ የደረሰው ምረቃው ካለፈ በዘጠኝ ቀኑ ነው። ኮሚቴው አልረከብም ብሎ የቀብዱን እጥፍ 100,000 ብር፣ በተጨማሪም ስፖንሰሮች አንከፍልም ያሉትን 80,000 ብር ይጠይቃል። ስለ ስፖንሰሮቹ የነገሩን ከውሉ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፣ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ነው። በዚያው የጥድፊያ ሰሞን ደግሞ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ደረጃው ላይ የማሽን ዘይት አፍስሶ ሳይጠርገው ስለሄደ፣ ከሕንፃው ሥር ቡና የምታፈላ ሴት አዳልጧት ወድቃ የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። ወንድሜ ለኮሚቴው ‹እኔ አላጠፋሁም፤ ወረቀት ተወዶ ነው› ይላል። ለሴትዮዋ ደግሞ ‹ከአንቺ ጋር ምን ውል አለኝ? ስልክሽን እያየሽ ነው የወደቅሽው› ይላታል። ማን ነው ትክክል? ፈተናዬም ደርሷል።»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ወንድምዎ የሰጧቸው ሁለቱም መልሶች በየቦታቸው ቢቀርቡ በሕግ ፊት ክብደት ያላቸው መከራከሪያዎች ናቸው። የተበላሸው ቦታ መለዋወጣቸው ነው። «አላጠፋሁም» የሚለው ቃል ዋጋ የሚኖረው ውል ከሌላት ሴት ጋር በሚደረግ ክርክር ሲሆን፣ እሳቸው ግን የተናገሩት ውል ለፈረሙለት ኮሚቴ ነው። «ውል የለኝም» የሚለውን ደግሞ፣ መብቷ ከውል ላልመነጨው ለቡና ሻጯ ሰጧት። ይህን መለዋወጥ በደንብ ከተረዱት ለፈተናው የሚያስፈልግዎትን ግማሽ ያህሉን ጨብጠዋል ማለት ይቻላል።

የኮርሱ ርዕስ ውልንና ቸልተኝነትን ጎን ለጎን ስላስቀመጣቸው የአንድ ነገር ሁለት ስሞች ሊመስሉ ይችላሉ፤ በእኛ ሕግ ግን መግቢያ በራቸው የተለያየ ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀውና 3,367 አንቀጾች ያሉት የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውል በጠቅላላው ከአንቀጽ 1675 ጀምሮ፣ ከውል ውጭ ስለሚመጣ ኃላፊነት ደግሞ ከአንቀጽ 2027 ጀምሮ ይደነግጋል። የሕጉ የቤተሰብ ክፍል በፌዴራል ደረጃ በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቢተካም፣ እነዚህ ክፍሎች ዛሬም ይሠራባቸዋል። በሁለቱ መካከል እንደ ዘበኛ የቆመው አንቀጽ 2037 ነው፤ በውል የገባውን ግዴታ ያልፈጸመ ሰው በዚህ ብቻ ከውል ውጭ ኃላፊነት የሚያስከትል «ጥፋት» እንደፈጸመ አይቆጠርም፣ ጉዳዩም የሚታየው ስለ ውል አለመፈጸም በተጻፉት ድንጋጌዎች ነው ይላል። ስለዚህ ማንኛውም ጥያቄ ሲቀርብልዎት፣ ማን አጠፋ ብለው ከመነሳትዎ በፊት፣ በከሳሹና በተከሳሹ መካከል ውል ነበረ ወይ፣ የተጠየቀው ጉዳትስ ከዚያ ውል አለመፈጸም የመጣ ነው ወይ ብለው ይጠይቁ።

ስለ ሃንድአውቱም አንድ ነገር ልበል። የእንግሊዝ ሕግ አንድ ቃል ኪዳን በውልነት እንዲያስገድድ በምላሹ ዋጋ ያለው ነገር መሰጠት አለበት ይላል፤ ሃንድአውትዎም ብዙ ገጽ የሰጠው ለዚሁ እንደሆነ እገምታለሁ። የእኛን ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ስለነበሩ መነሻው ሌላ ነው። አንቀጽ 1678 የሚጠይቀው የተዋዋዮችን ችሎታና ፈቃድ፣ በበቂ የተወሰነ፣ የሚቻልና ሕጋዊ የሆነ ጉዳይን፣ እንዲሁም ሕጉ ልዩ ፎርም (ለምሳሌ በጽሑፍ መሆንን) ባዘዘበት ቦታ ያንን ፎርም ብቻ ነው። መምህርዎ ስለ እንግሊዝ ሕግ ከጠየቁ እንደ እንግሊዝ ሕግ ይመልሱ፤ የአዲስ አበባ ነጋዴ ጉዳይ ሲቀርብልዎት ግን ይህን የምላሽ ዋጋ ፍለጋ ውስጥ አይግቡ።

አሁን ወደ ኮሚቴው እንመለስ። አንቀጽ 1791 ውሉን ያልፈጸመ ወገን ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ነው ይላል፤ ነጻ የሚወጣውም ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል እንዳይፈጽም ያገደው መሆኑን ሲያስረዳ ነው። ይህ ኃይል በአንቀጽ 1792 ትርጉም በተለምዶ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችልና አፈጻጸሙን ፍጹም የሚከለክል ነገር ነው። ጎርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ጦርነት፣ የባለዕዳው (ግዴታውን መፈጸም ያለበት ወገን) ሞት ወይም ያልታሰበ ከባድ ሕመም በምሳሌነት ተጠቅሰዋል። ወንድምዎን የሚያሳዝነው ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 1794 ነው፤ ከዐቅም በላይ ሆነው የማይቆጠሩ ነገሮችን ሲዘረዝር ውሉን ለመፈጸም የሚያስፈልግ ጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመሩን ወይም መቀነሱን በስም ይጠራል። ለማተሚያ ቤት ከወረቀት የበለጠ ጥሬ ዕቃ የለም። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ወንድምዎን አስቀድመው ያዩ ያህል ነው። ወረቀት ከውጭ የሚገባ ዕቃ በመሆኑ ዋጋው እንደሚዋዥቅ ሙያተኛው ያውቃል፤ ስለዚህ ያንን ስጋት መሸከም ካልፈለጉ በውሉ ላይ የዋጋ ማስተካከያ ሐረግ ማስገባት የነበረባቸው እሳቸው ናቸው።

ኮሚቴው አልረከብም ማለት ይችላል ወይ? በመደበኛው አካሄድ በአንቀጽ 1772 መሠረት አንድ ወገን ውሉ አልተፈጸመልኝም ከማለቱ በፊት ለሌላው ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ነገር ግን ግዴታው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ብቻ የሚፈጸም ሆኖ ያ ጊዜ ካለፈ፣ አንቀጽ 1775 ማስጠንቀቂያው ቀርቶ እንዲታይ ይፈቅዳል። እዚህ ላይ የውሉ ቃል ወሳኝ ነው። «በአንድ ወር ውስጥ ያስረክባል» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ኮሚቴው ቢያንስ አንድ ደብዳቤ መጻፍ ነበረበት ብለው ወንድምዎ ሊከራከሩ ይችሉ ነበር። የተጻፈው ግን «ከምረቃው ሦስት ቀን በፊት» የሚል ነው። የምረቃ መጽሔት ጋውን ለብሶ፣ አበባ ይዞ፣ ከወላጅ ጋር ፎቶ ሲነሳ በእጅ ካልተያዘ የታሰበለትን ቀን ስቷል፤ ቀኑ የውሉ ጌጥ ሳይሆን ዋና ነገሩ ነበር። ስለዚህ ኮሚቴው ውሉን ለመሰረዝና የሰጠውን 50,000 ብር ለማስመለስ የሚበቃ ምክንያት ያለው ይመስለኛል።

እጥፉ ግን የተለየ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ላይ ወንድምዎ የሚናገሩት አላቸው። ቀብድ የተቀበለ ሲያፈርስ እጥፍ ይከፍላል የሚለው የገበያ ልማድ መሠረቱ አንቀጽ 1885 ነው፤ ቀብድ ሰጪው ቀብዱን ለቆ፣ ተቀባዩም እጥፉን መልሶ ከውሉ ሊወጣ ይችላል። አንቀጹ የሚናገረው ከውሉ ለመውጣት ስለሚከፈል ዋጋ ነው። ወንድምዎ ደግሞ ልውጣ አላሉም፤ ዘግይተውም ቢሆን አትመው አምጥተዋል። ከዚህ በፊት መታየት ያለበት ሌላ ነገርም አለ፤ የ50,000 ብሩ ደረሰኝ «ቀብድ» ይላል ወይስ «ቅድሚያ ክፍያ»? በየሱቁ ሁለቱን ቃላት እንደ አንድ እንጠቀምባቸዋለን፤ ቅድሚያ ክፍያ ግን የዋጋው አንድ ክፍል አስቀድሞ መከፈሉ ሲሆን፣ የእጥፍ ጣጣ የለውም። ደረሰኙንና የውሉን የክፍያ አንቀጽ ሳላይ የ100,000 ብሩ ጥያቄ ይጸናል ማለት አልችልም፤ ወንድምዎም ሳያዩ አይክፈሉ።

የ80,000 ብሩ ነገር ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምር በመሆኑ ትንሽ እንቆይበት። በሃንድአውትዎ ውስጥ በ1854 እ.ኤ.አ. የተፈረደው የሀድሊና የባክሰንዴል ጉዳይ ሳይኖር አይቀርም። የእንፋሎት ወፍጮው ዘንግ የተሰበረበት ባለ ወፍጮ አዲስ እንዲሠራለት ዘንጉን በአጓጓዦች ላከ፤ አጓጓዦቹ ዘገዩ፤ ወፍጮው በቆመባቸው ቀናት የቀረውን ትርፍ ጠየቀ፤ ፍርድ ቤቱ ይህ ልዩ ሁኔታ ውሉ ሲደረግ ለአጓጓዦቹ አልተገለጸም ብሎ ከለከለው። የእኛ ሕግ በራሱ መንገድ ወደዚሁ ይደርሳል። በአንቀጽ 1799 መሠረት ካሳው የሚለካው ውሉ ባለመፈጸሙ በተለምዶ ሊደርስ በሚችለው ጉዳት ልክ ነው። በአንቀጽ 1801 ደግሞ ጉዳቱን ከተለመደው በላይ የሚያደርግ ልዩ ሁኔታ መኖሩ ውሉ ሲደረግ ለባለዕዳው የተነገረው እንደሆነ፣ በእርግጥ የደረሰው ጉዳት በሙሉ ይከፈላል። (በነገራችን ላይ ሕጉ «ኪሣራ» ሲል ብዙ ጊዜ ዛሬ ካሳ የምንለውን ማለቱ ነው። የአካውንቲንግ ትምህርት የወሰደ ተማሪ ከንግድ ኪሳራ ጋር እንዳያምታታው።)

«ውሉ ሲደረግ» የሚሉት ሁለት ቃላት እዚህ 80,000 ብር ያወጣሉ። የቴሌግራሙ መልእክት የመጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ዋጋውና ቀኑ አስቀድሞ ተቆርጧል፤ ወንድምዎ ያን አደጋ አስበው ዋጋ የሚጨምሩበት ዕድል አልነበራቸውም። እስከዚህ ድረስ ክርክሩ የእሳቸው ነው። ሆኖም ሁለት ነገሮች ያሰጉኛል። የመጀመሪያው የዲዛይን ፋይሉ የተረከበበት ቀን ነው። ፋይሉ በፊርማው ዕለት ከነማስታወቂያ ገጾቹ በፍላሽ ተሰጥቷቸው ከነበረ፣ ኮሚቴው «የባንክና የካፌ ማስታወቂያ ያለበት የምረቃ መጽሔት ከምረቃው በኋላ ሲደርስ አስተዋዋቂው እንደማይከፍል ማንኛውም አታሚ ያውቃል» ብሎ ሊከራከር ይችላል።

ሁለተኛው የፖስተሩ ሥራ ነው። ቸልተኝነት በፊት በር አያስፈልግም ተብሎ ከተባረረ በኋላ በጓሮ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። በውል ጉዳይ ወንድምዎን ኃላፊ ለማድረግ ጥፋታቸውን ማስረዳት አያስፈልግም ብያለሁ፤ የካሳውን መጠን ለመወሰን ግን ጥፋቱ ይመዘናል። የዚያው የአንቀጽ 1801 ሁለተኛ ክፍል ውሉ ያልተፈጸመው ሆን ተብሎ ለመጉዳት ወይም በከባድ ቸልተኝነት አለዚያም በከባድ ጥፋት ከሆነ፣ ልዩ ሁኔታው አስቀድሞ ባይነገርም የደረሰው ጉዳት ሁሉ ይከፈላል ይላል። አንድ ነጋዴ ቀኑን ጽፎ ፈርሞ፣ ስፖንሰሮቹ እንደሚከለክሉ በድምፅ መልእክት ሰምቶ፣ ከዚያ በኋላ ማሽኑን ለተሻለ ከፋይ ቢሰጥ ዳኛው ይህን ተራ መዘግየት ይለዋል ብዬ አላምንም። ስለዚህ የፖስተሩ ትእዛዝ የመጣው ከመልእክቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን ከደንበኛው ደረሰኝ ላይ ይመልከቱ። ከበፊት ከሆነ የወንድምዎ ክርክር የተሻለ አቅም አለው፤ ከኋላ ከሆነ ግን 80,000 ብሩን በድርድር መቀነስ ይሻላቸዋል።

ለድርድሩ የሚረዳ አንቀጽም አለ። በአንቀጽ 1802 መሠረት ተጎጂው ከባድ ወጪና ችግር የማያመጣበት እስከሆነ ድረስ ጉዳቱን ለመቀነስ መጣር አለበት። ከምረቃ በኋላ የደረሰ መጽሔት ዋጋው ቢወርድም ቆሻሻ አይደለም፤ የራሱን ፎቶ ያየ ተመራቂ በቅናሽም ቢሆን ይገዛዋል፤ ከስፖንሰሮቹም አንዳንዱ በከፊል ለመክፈል ሊስማማ ይችላል። ኮሚቴው 300ውን መጽሔት በር ላይ ትቶ ሙሉውን ሒሳብ መጠየቁ በዚህ አንቀጽ ይነቀፋል።

ወደ ሴትዮዋ ስንመጣ የሕጉ መልክ ይለወጣል። ወንድምዎ «ከአንቺ ጋር ምን ውል አለኝ?» ማለታቸው አንድ የስኮትላንድ መጠጥ አምራች በችሎት ያነሣውን መከራከሪያ ያስታውሰኛል። በነሐሴ 1928 እ.ኤ.አ. በፔዝሊ ከተማ ሜይ ዶናሁ የተባለች ሴት ጓደኛዋ የገዛችላትን የዝንጅብል መጠጥ ጠጣች። ጠርሙሱ በጥቁር መስታወት የተሠራ ነበርና የበሰበሰ ቀንድ አውጣ የወጣው ከጠጣች በኋላ ነው ተባለ። የገዛችው ጓደኛዋ ስለሆነች ዶናሁ ከማንም ጋር ውል አልነበራትም። ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ችሎት የነበረው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ግን በ1932 ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ፣ አምራቹ ምርቱን ለሚጠቀም ሰው ሊጠነቀቅ ይገባው ነበር፤ የውል አለመኖር መከታ አይሆነውም አለ። የሚገርመው ቀንድ አውጣው በእርግጥ ጠርሙሱ ውስጥ እንደነበረ በማስረጃ ሳይረጋገጥ ጉዳዩ በስምምነት ማለቁ ነው። የእኛ ሕግ ለዚህ ለብቻው አንቀጽ 2085ን ያስቀመጠ ሲሆን፣ ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በደንቡ ሲሠራበት ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ይሆናል።

የቡና ሻጯ ጉዳይ ከዚህም ይቀላል። አንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሁሉ ይካስ ይላል፤ አንቀጽ 2029 ይህ ጥፋት በቸልተኝነት ብቻ፣ እንዲሁም ማድረግ የሚገባን ባለማድረግ ሊመጣ እንደሚችል ያክላል። መለኪያው አእምሮው ትክክለኛ የሆነ ሰው በዚያ ቦታ ምን ያደርግ ነበር የሚለው ነው። ሰው በሚወጣና በሚወርድበት ደረጃ ላይ ዘይት ያፈሰሰ ሰው ቢያንስ መጋዝ ብናኝ ይበትናል ወይም ካርቶን ያነጥፍበታል፤ ይህን ለመናገር ሕግ መማር አያስፈልግም። ያፈሰሰው ሠራተኛው ሆኖ ሳለ ወንድምዎ የሚጠየቁት በአንቀጽ 2130 ነው፤ ሠራተኛው በሥራው ላይ ሳለ ላደረሰው ጉዳት አሠሪው አብሮ ይጠየቃል። ለአንድ ቀን ሸክም የተጠራ፣ በራሱ መንገድ የሚሠራ ሰው ቢሆን ሌላ ክርክር ይነሣ ነበር፤ እንደጻፉልን ግን የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ነው።

ስልክ ማየቷ ዋጋ አለው ወይ? አለው፤ ወንድምዎ በሚያስቡት መጠን ግን አይደለም። አንቀጽ 2097 ለጉዳቱ ተጎጂውም በጥፋቱ አስተዋጽኦ ካደረገ ካሳው በከፊል ይሆናል ይላል እንጂ ይቀራል አይልም። ለዚያውም ስልክ እያየች እንደነበር ማስረዳት ያለባቸው እሳቸው ናቸው። ካሳው የሕክምና ወጪዋን ብቻ ሳይሆን እጇ በጀሶ ታስሮ ጀበና ማንሳት ያልቻለችባቸውን ሳምንታት ገቢም ይጨምራል። የቡና ሽያጭ ደረሰኝ የለውምና ልኩን ለማስረዳት ትቸገራለች፤ መጠኑ በትክክል የማይታወቅ ሲሆን ግን ፍርድ ቤቱ በርትዕ፣ ማለትም ተገቢ ነው ብሎ ባመነበት ልክ፣ ይወስነዋል። ለደረሰባት ሥቃይ የሚከፈለው የሞራል ካሳ በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተገድቧል፤ በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ የነበረው ይህ ጣሪያ ዛሬ ለሚያነበው ሰው ፌዝ ይመስላል።

ለፈተናው የይርጋውን (ክስ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ) ልዩነት አይርሱ። የኮሚቴው የውል ክስ በመርሕ ደረጃ 10 ዓመት ሲኖረው (አንቀጽ 1845)፣ የቡና ሻጯ ክስ ጉዳቱ ከደረሰባት ጊዜ አንሥቶ 2 ዓመት ብቻ ነው ያለው (አንቀጽ 2143)። ገንዘብ ያለውና ውል የጻፈው ወገን ረጅሙን፣ ጠበቃ የሌላት ሴት አጭሩን አግኝታለች። ይህ ፍትሐዊ ነው ወይ የሚለው ለክፍል ውይይት ይመቻል።

ለወንድምዎ የምለው ከኮሚቴው ክርክር በፊት የሴትዮዋን ነገር እንዲያስቀድሙ ነው። የኮሚቴው ሒሳብ ውሉን፣ ደረሰኙንና የቴሌግራሙን ቀን ይዞ ከጠበቃ ጋር ተቀምጦ የሚታይ በመሆኑ ጥቂት ቀናት ቢወስድ ጉዳት የለውም። እሷ ግን የዕለት ጉርሷ ቆሟል። የሚያውቋትን አንድ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ይዘው ይሂዱ፤ የሕክምና ወረቀቷን አይተው ያወጣችውን ይተኩላት፤ እጇ እስኪፈታ ድረስ በሳምንት ምን ያህል እንደሚሰጧት ይስማሙ። ስምምነቱ በወረቀት ላይ ይስፈር፣ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት። ነገር ግን «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ዐረፍተ ነገር አያስገቡበት፤ አጥንቱ በትክክል መግጠሙ የሚታወቀው ጀሶው ሲወጣ ነውና እስከዚያ ያለውን ብቻ ይጻፉ። አንዱን ቅጂም ለእሷ ይስጧት።